ስድስት ጊዜ ሄጄ አወራሁ፤ ለምን አልተሻለኝም?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ልቤ በድንገት መምታት ጀመረ፤ እጄ ደነዘዘ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ የምሞት መሰለኝ። ‹ወራጅ አለ› ብዬ ወርጄ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሄድኩ። ኢሲጂም (የልብ ምርመራው) የደም ምርመራም ደህና ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ተመላልሶብኛል፤ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ገብቻለሁ። አሁን ታክሲ አልሳፈርም፤ ሰው ከበዛ ለቅሶ ቤትም ቤተ ክርስቲያንም እቀራለሁ። ጠቅላላ ሐኪም ከሦስት ወር በፊት ሰርትራሊን ጀመረልኝ፤ ሲብስብኝ የምወስደው ዳያዜፓምም ሰጠኝ። አማካሪ ጋርም ስድስት ጊዜ ሄጃለሁ። ስለ ልጅነቴና ስለ ሟቹ አባቴ አወራን፤ ሲመጣብሽ በረጅሙ ተንፍሺ አለችኝ። በዕለቱ ቀለል ይለኛል፣ በማግስቱ ያው ነኝ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ሲቢቲ ነው የሚያስፈልግሽ ትላለች፤ ጓደኛዬ ኢኤምዲአር ትላለች፤ እናቴ ጸበል ትላለች፤ ወንድሜ ደግሞ ‹ማውራት ከሆነ ቡና ላይ በነጻ ይወራል፤ ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው› ይላል። ለመሆኑ በማውራት የሚድን በሽታ አለ? የተረጋገጠውስ የትኛው ነው? መድኃኒቱን ላቁመው?»

መልስ፦

ከወንድምሽ ልነሣ፤ ግማሽ መንገድ ድረስ ልክ ነው። ያለብሽን ዓይነት ሕመም ማውራት ብቻውን አያድነውም። ቡና ላይ ቢወራም ተከፍሎ ቢወራም ያው ነው። የሆድን አውጥቶ መተንፈስ ደስ ይላል፤ እፎይታው ግን ራስሽ እንዳልሽው በማግስቱ ያልቃል። ስድስት ጊዜ ሄደሽ ያልተሻለሽ ስላልበረታሽ ወይም ሕመምሽ ስለጸና አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አንቺ አልደበቅሽም፤ የተሰጠሽ ሕክምና ነው ለሌላ ሕመም የሚሆነው። ላንቺ ችግር በጥናት ተደጋግሞ የተፈተነ ሕክምና አለ፤ እሱን ገና አልሞከርሽውም።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ስለ ስሞች። ዶክተር ብለሽኛል፤ ሐኪም አይደለሁም፤ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ነኝ፤ መድኃኒት አላዝም። ሳይካትሪስት የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ነው፤ እሱ ያዝዛል። «አማካሪ» የሚለው ስም ግን ሰፊ ነው፤ ክሊኒካል ሥልጠና ያለውም የሌለውም በሩ ላይ ይለጥፈዋል። «የንግግር ሕክምና» የሚለው አጠራርም ጣጣ አለው፤ አንዲት እናት አፍ አልፈታ ያላትን የሦስት ዓመት ልጇን አዝላ እኔ ቢሮ ድረስ መጥታለች። ስለዚህ የሥነ ልቦና ሕክምና እያልኩ ልቀጥል። ይህም የጅምላ ስም ነው። ሐኪም «መድኃኒት ውሰጂ» ብቻ ብሎ ቢሸኝሽ የትኛውን ብለሽ ትጠይቂዋለሽ። «ሄደሽ አማክሪ» ሲባልም መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው።

በጽሑፍ ምርመራ አይደረግም፤ የገለጽሽው ግን ፓኒክ ዲስኦርደር የሚባለውን፣ ከባድ ፍርሃት በድንገት እየተመላለሰ የሚመጣበትን ሕመም፣ በጣም ይመስላል፤ በላዩም አጎራፎቢያ ተጨምሮበታል፤ ይኸውም ሰው የሚበዛበትንና ቶሎ የማይወጣበትን ቦታ መሸሽ ነው። ልብሽን በተመለከተ ሐኪሞቹ መልሰውልሻል። የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሆርሞን ምርመራ ካልተሠራልሽ ይሠራ፤ ዕጢው ከልኩ በላይ ሲያመነጭ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ፓኒክ ነው ብሎ ይቀመጣል። ደም ማነስም ይታይ። ጫት የምትቅሚ ከሆነ ወይም ቡናው ከበዛ ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው። ከዚህ በኋላ ግን አራተኛ ኢሲጂ አያስፈልግሽም፤ እንዲያውም ይጎዳሻል። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ታክሲው ውስጥ የሆነውን ቀስ ብለን እንየው። ሞቆሽ ይሆናል፣ ቁርስ ሳትበዪ ወጥተሽ ይሆናል፣ ወይም ልብ አንዳንዴ እንደምታደርገው አንድ ምት ዘልላ ይሆናል። ይህ ሁሉም ሰው ላይ የሚያልፍ፣ ብዙ ሰው ከቁም ነገር የማይቆጥረው ነገር ነው። አንቺ ግን ያን ቀን ልብ አልሽው፤ «ልቤ ሊቆም ነው» የሚል ሐሳብ ብልጭ አለብሽ። ሞት መጣ ሲባል ሰውነት አይከራከርም፤ አድሬናሊን የሚባለውን የድንጋጤ ሆርሞን ይለቃል። አድሬናሊን ልብን ያስሮጣል፤ ልብ ሲሮጥ ሐሳቡ «ይኸው፣ አላልኩም?» ይላል፤ ፍርሃቱ ይጨምራል፣ አድሬናሊኑም እንዲሁ። መሃል ላይ ሳይታወቅሽ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሻለሽ፤ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ እጅ የሚደነዝዘው፣ ራስ የሚዞረው፣ አየር ሞልቶ ሳለ አየር ያጠረ የሚመስለው በዚህ ነው። ብዙውን ጊዜ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና ከዚያ ራሱ ይወርዳል። ራሴን እስታለሁ የሚለው ስጋትም እንዲሁ ነው፤ ሰው ራሱን የሚስተው ባብዛኛው የደም ግፊቱ ሲወርድ ነው፤ በፓኒክ ጊዜ ደግሞ ግፊት ከፍ ይላል። ደም ወይም መርፌ ሲያዩ የሚወድቁ ሰዎች ነገር የተለየ ነው።

ይህን አዙሪት አጥርቶ የጻፈው እንግሊዛዊው ሳይኮሎጂስት ዴቪድ ክላርክ ነው፤ በ1986 እ.ኤ.አ.። ነጥቡ ሲጠቃለል፣ ችግሩ ያለው የልብ ምቱ ላይ ሳይሆን ለልብ ምቱ በሚሰጠው ትርጉም ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ስንት ጊዜ «አሁንስ ሞትኩ» ብለሽ አልሞትሽም፤ ታዲያ ፍርሃቱ ለምን አልተሸነፈም? ምክንያቱም ሁልጊዜ «ያተረፈሽ» ነገር ነበር። ወርጄ ነው የተረፍኩት፤ ሆስፒታል ደርሼ ነው የተረፍኩት፤ ዳያዜፓም ቦርሳዬ ውስጥ ስላለ ነው። በር አጠገብ መቀመጥ፣ የውሃ ላስቲክ መያዝ፣ እህት ስልክ ላይ እንድትቆይ ማድረግ፣ ሁሉም ይኸው ነው። አንዴ የማያት ታካሚ ከቦርሳዋ ሎሚ አይለያትም ነበር፤ ታክሲ ውስጥ እያሸተተች ትሄዳለች። ሎሚው ክፉ ነገር ሆኖ አይደለም፤ ግን በደህና በደረሰች ቁጥር ምስጋናውን ሎሚው ይወስደዋል፤ እሷ ያለ ሎሚ መድረስ እንደምትችል ሳታውቅ ዓመታት አለፉ። ኢሲጂውም እንደ ሎሚው ነው፤ ለሁለት ቀን ያረጋጋል፣ በሦስተኛው ቀን ሌላ ያስመኛል። አማካሪሽ ያስተማረችሽ ረጅም ትንፋሽም፣ ሲመጣ ለማባረር ከተጠቀምሽበት፣ ሌላ ሎሚ ነው። ትንፋሽ ማርገብ ለብዙ ነገር ይጠቅማል፤ «ይህ ስሜት አደገኛ ስለሆነ መቆም አለበት» የሚለውን እምነት ግን ያጸናዋል።

እህትሽ የምትለው ሲቢቲ፣ ማለትም በሐሳብና በድርጊት ላይ የሚሠራው ሕክምና፣ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው «አዎንታዊ አስቢ» የሚል ምክር ይመስለዋል። አይደለም። ሲቢቲ ውስጥ ሐሳብሽን እንደ ግምት ትይዥውና በተግባር ትፈትኝዋለሽ። ለፓኒክ ሲሆን ደግሞ አስኳሉ የምትፈሪውን ስሜት ሆን ብሎ መቀስቀስ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀጠሮዎች ይህን አዙሪት በራስሽ ታሪክ ላይ መሳል ናቸው። ከዚያ ቢሮ ውስጥ ሥራ ይጀመራል። አንድ ደቂቃ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ። በሚሽከረከር ወንበር ላይ አንድ ደቂቃ መዞር። አፍንጫን ይዞ በቀጭን የጁስ ስትሮ መተንፈስ። የፎቁን ደረጃ በሩጫ ወጥቶ መውረድ። ከእያንዳንዱ በፊት ምን እንደሚሆን የምታስቢውን ትጽፊያለሽ፣ ከዚያ ታደርጊዋለሽ፣ የሆነውን ትጽፊያለሽ። ብዙ ሰው ወንበሩ ላይ ዞሮ ሲነሣ «እንዴ፣ ይሄ እኮ ያው ስሜት ነው!» ይላል። ያቺ ቅጽበት ከአንድ ሰዓት ማብራሪያ ትበልጣለች። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ አስም፣ የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ካለብሽ ግን እነዚህ ልምምዶች ሐኪም ሳይፈቅድ አይሠሩም፤ በማንበብ ብቻ ቤትሽ ብቻሽን አትጀምሪያቸው።

ቀጥሎ መንገድ ላይ ይወጣል። ባንቺ ሁኔታ ቅደም ተከተሉ የታክሲ ሰልፍ ላይ ከመቆም ይጀምርና አንድ ፌርማታ ከሰው ጋር፣ አንድ ፌርማታ ብቻሽን፣ እያለ ይሄዳል። ጫፉ የምሽት መውጫ ሰዓት ላይ የኋላ ወንበር ነው፤ አራት ሰው የታጨቀበት፣ ለመውረድ ሦስት ሰው የምታስነሽበት፣ መስኮት ስትከፍቺ «ንፋስ መታን፣ ዝጊው» የሚባልበት። ወረቀትሽ ላይ «ኡራኤል ሳልደርስ ራሴን ስቼ እወድቃለሁ፤ እርግጠኝነቴ 90 ከመቶ» ብለሽ ትጽፊያለሽ። ማታ «ስታዲየም ወረድኩ። ልቤ ሃያ ደቂቃ መታ። አልወደቅኩም» ብለሽ ትጨምሪበታለሽ። ልብ በይ፤ የተሳካ ቀን ማለት ያልፈራሽበት ቀን አይደለም። ፈርተሽ ሳትወርጂ የቀረሽበት ነው። ልብሽ ጭራሽ ካልመታ እንዲያውም ብዙ አልተማርሽም። ባለ ሎሚዋ ታካሚ በሰባተኛው ቀጠሮ ሎሚውን ጠረጴዛዬ ላይ ትታው ሄደች፤ እዚያው ደረቀ።

ይህ ሁሉ ዓመታት አይፈጅም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ የተባለው ተቋም ለፓኒክ ሲቢቲን ሲመክር በጠቅላላው ከ7 እስከ 14 ሰዓት፣ ቢበዛ በአራት ወር ውስጥ የሚያልቅ ይላል። እህትሽ «እኔ ሁለት ዓመት ሄጃለሁ» ብትልሽ ምናልባት ለሌላ ነገር ነው የሄደችው።

አሁን ወደ ማስረጃ። «ሄጄ ዳንኩ» ማስረጃ አይሆንም፤ ምን ሊያሳስት እንደሚችል የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ከዚሁ ከምሥራቅ አፍሪካ አለ፤ ለወንድምሽ «የፈረንጅ ነገር» ክርክርም መልስ ይሆናል። በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ ማሳካና ራካይ አካባቢ 30 የገጠር መንደሮች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። በአንደኛው ወገን ድባቴ ያለባቸው ሰዎች፣ ሴቶች ለብቻ ወንዶች ለብቻ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለ16 ሳምንት እየተሰበሰቡ ኢንተርፐርሰናል ቴራፒ የሚባለውን ወሰዱ። ይህ ሕክምና ሐዘንን፣ ጠብን፣ የኑሮ ለውጥንና ብቸኝነትን ይዞ ከሰው ጋር ያለ ግንኙነት ላይ ይሠራል። ቡድኖቹን የመሩት ለዚሁ ሥራ አጭር ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት መሠረት ሕክምናውን ካገኙት ውስጥ በመጨረሻ ከባድ ድባቴ ያልለቀቃቸው 6.5 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ካላገኙት ውስጥ ደግሞ 54.7 ከመቶ። ሁለተኛውን ቁጥር ደግመሽ እይው፤ ያ ወገን ሲጀመር 94 ከመቶ ነበር። ምንም የተለየ ነገር ሳይደረግላቸው ብዙዎቹ ተሻላቸው ማለት ነው። በዚያ ወቅት ከመካከላቸው አንዱ ሻይ ቅጠል ቢቀየርለት ኖሮ ያዳነኝ ሻይ ቅጠሉ ነው ባለ ነበር። ያልታከመ ወገን ጎን ለጎን ሳይታይ የትኛውም ሕክምና፣ የእኔንም ጨምሮ፣ ሠርቷል ሊባል አይችልም።

ዚምባብዌ ውስጥ ደግሞ ሳይካትሪስቱ ዲክሰን ቺባንዳ አያቶችን አሠልጥኖ በሐራሬ ጤና ጣቢያዎች ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የአገሩ ሾናዎች ለድባቴና ለጭንቀት «ኩፉንጊሲሳ» የሚል ቃል አላቸው፤ ከልክ በላይ ማሰብ ማለት ነው። እኛም «ሐሳብ አበዛች» እንላለን። አያቶቹ ችግሩን ሁሉ ካዳመጡ በኋላ ከእነዚህ ውስጥ ዛሬ የትኛውን እንያዝ ብለው አንዱን ያስመርጣሉ፤ እሱ ላይ የሚሠራ ነገር ያስይዛሉ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ምን እንደሆነ ይጠይቃሉ። 573 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሞ ከመደበኛው ክትትል በግልጽ እንደሚሻል አሳይቷል። ለወንድምሽ ንገሪው፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ከአያት ጋር ማውራት ከቡናው ወሬ ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ አንድ ችግር መያዙና ሳምንት ቆይቶ «ምን አደረግሽ?» መባሉ ነው።

ላንቺ ችግር ያለው ማስረጃ የተለየና የቆየ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ባርሎውና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ 312 የፓኒክ ሕሙማንን በዕጣ ከፋፍለው ለአንዳንዶቹ ሲቢቲ፣ ለአንዳንዶቹ ኢሚፕራሚን የሚባል መድኃኒት፣ ለሌሎች ሁለቱን አንድ ላይ፣ ለሌሎች ደግሞ መድኃኒት የሌለው ኪኒን ሰጡ። ሲቢቲውም መድኃኒቱም ከባዶው ኪኒን በለጡ። ሕክምናው ሁሉ ከቆመ በኋላ ግን የተሻለ የጸናው የሲቢቲው ውጤት ነው።

ጓደኛሽ የምትለው ኢኤምዲአር፣ ዓይንን ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሱ ክፉ ትዝታ ላይ የሚሠራው፣ ጥሩ ሕክምና ነው፤ ግን ያንቺ አይደለም። የተሠራው በአሰቃቂ ነገር ለተጎዱ ሰዎች ነው፤ ጦርነት ላየ፣ ለተደፈረች፣ በስደት መንገድ ላይ ሊቢያ ታግቶ ለተመለሰ ሰው። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያ መስክ ከተመረጡት አንዱ አድርጎ ይመክረዋል። ለዚያው ጉዳት ሌሎችም አሉ፤ ሕይወትን ከልደት ጀምሮ በተራ እየተረኩ አስፈሪውን ቦታ በታሪኩ ውስጥ ማስቀመጥ የሚባለው ዘዴ ኡጋንዳ በነበሩ የሱዳን ስደተኞች ዘንድ ተፈትኖ የወጣ ነው። ታክሲ ውስጥ የመጣብሽ የመጀመሪያው ፓኒክ ራሱ አስደንጋጭ ነበር፤ በዚህ ስሌት ግን አይገባም። ድባቴ ላይ ደግሞ መኝታ የለመደን ሰው ቀስ በቀስ ወደ ሥራና ወደ ሰው መመለስ ብቻውን ከሙሉ ሲቢቲ እንደማያንስ ኒል ጃኮብሰንና ባልደረቦቹ በ1996 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። እጁን ሲታጠብ ለሚውል ወይም በጸሎት መሃል ክፉ ሐሳብ እየመጣ ለሚያስጨንቀው ሰው ሌላ ነው። ራሷን ለምትጎዳና ስሜቷ ከአፍታ አፍታ ለሚገለባበጥባት ደግሞ ማርሻ ሊነሃን ያወጣችው፣ ስሜትን መግራት የሚያስተምረው ዲቢቲ አለ። እነዚህን የምዘረዝረው እንድትመርጪ አይደለም፤ «ሕክምናው አልሠራልኝም» ከማለትሽ በፊት የትኛው እንደሆነ እንድትጠይቂ ነው።

ማውራት በጭራሽ አይጎዳም የሚለውም ስሕተት ነው። አደጋ የደረሰባቸውን ሰዎች በቀናት ውስጥ ሰብስቦ የሆነውን ሁሉ አንድ ጊዜ ማስተረክ ድሮ በብዙ አገር ይሠራበት ነበር። ሲጠና ከኋላ የሚመጣውን ሕመም እንደማይከላከል ታወቀ፤ አንዳንዶቹን እንዲያውም አብሶባቸዋል። አሁን አይመከርም። ሰው ሲደርስበት እኛ ለቅሶ ቤት እንደምናደርገው አብሮ መቀመጥ፣ ማብላት፣ ሲፈልግ እንዲናገር መተው ይሻላል።

አማካሪሽን አልወቅስም። አባትሽን በተመለከተ ያወራችሁት ነገር ቦታ አለው። ሐዘኑ ያልወጣልሽ ከሆነ ፓኒኩ ከተገታ በኋላ፣ እሷ ጋም ቢሆን፣ ተመለሺበት። ቅደም ተከተሉ ግን ቤት ያስቀመጠሽን ነገር ማስቀደም ነው፤ ለፓኒክ ሥሩን ልጅነት ውስጥ ፈልጎ ማግኘት የግድ አይደለም።

መድኃኒቱን በራስሽ አታቁሚ፤ ይህን አጥብቄ ነው የምልሽ። ሰርትራሊን ለፓኒክ ማስረጃ ያለው መድኃኒት ነው፤ ሱስም አያሲዝም። በድንገት ከተቋረጠ ግን ማዞር፣ መነጫነጭና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል፤ አንቺም «በሽታው ተመለሰ» ትያለሽ። ሲቆም ሐኪሙ ነው ቀስ በቀስ የሚያወርደው፤ ያም ታክሲ ተሳፍረሽ መሥራት ከጀመርሽ ወራት በኋላ ይሁን። ዳያዜፓም ሌላ ነገር ነው። ይለመዳል፤ በየቀኑ ለሳምንታት የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆመው የሚጥል በሽታ እስከማምጣት ይደርሳል። አልፎ አልፎ ከሆነ የምትወስጅው ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪና ከልምምድ በፊት አትውሰጅው፤ በኪኒን ተረጋግቶ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ታክሲ እንደማይገድል አይማርም። በየቀኑ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት ለሐኪሙ ይሄን ንገሪው።

ጸበሉን በተመለከተ ከእናትሽ ጋር አትጣዪ። እምነትሽ ከሆነ ሂጂ፤ ከሕክምናው ጋር አይጋጭም። የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው፤ መድኃኒት ተዪ ከተባልሽ አትተዪ፤ ደግሞም ሰው በበዛበት ቀን ሂጂ። ቤተ ክርስቲያን መቅረትሽን ጽፈሻል፤ የእሑድ ቅዳሴ መሃል ላይ ቆሞ እስከ ፍጻሜው መቆየት ለካህኑም ለእኔም የሚስማማ የቤት ሥራ ነው።

የት? አማኑኤል ሲባል ሰው ይሸማቀቃል፤ «አማኑኤል ገባች» መባልን ይፈራል። ሆስፒታሉ በየቀኑ በእግራቸው መጥተው በእግራቸው የሚመለሱ ብዙ ታካሚዎችን ያያል። እዚያ ካልፈለግሽ ቅዱስ ጳውሎስና ዘውዲቱ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። በግል ከሄድሽ ግን ቀጠሮ ከመያዝሽ በፊት በስልክ ጠይቂ፤ ለፓኒክ የምትሠሩት ሕክምና ምን ይባላል? ስንት ቀጠሮ ይወስዳል? በሳምንቱ መሃል እኔ የምሠራው ምንድን ነው? መሻሻሌን በምን እንለካለን? «እንደ ሁኔታው እናያለን፣ መጥተሽ እናውራ» ብቻ ከተባልሽ አመስግነሽ ሌላ ጋ ደውዪ። ከመልሱ ውስጥ «ታክሲ እንሳፈራለን» ወይም የሚመስለውን ነገር መስማት አለብሽ። እህትሽ በቪዲዮ የሚያይሽ አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያ ካገኘችልሽም ይሆናል፤ ስዊድን ውስጥ ፔር ካርልብሪንግና ጌርሃርድ አንደርሰን በኢንተርኔት የተሰጠ የፓኒክ ሲቢቲ ፊት ለፊት ከሚሰጠው ብዙ እንደማይርቅ አሳይተዋል። ቋንቋውን ግን አቅልለሽ አትይው፤ «ልቤ ድክም አለ» ማለት ምን እንደሆነ የሚገባው ሰው ይሁን።

ሁሉም ሰው አይድንም። ልምምዱ ከብዶአቸው መሃል ላይ የሚያቋርጡ አሉ፤ ተሽሏቸው በሥራ ወይም በቤት ጫና ጊዜ የሚመለስባቸውም አሉ፤ እነሱ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ቀጠሮ ይበቃቸዋል። በትክክል የተሰጠ 12 ቀጠሮ ያህል ሄደሽ፣ የቤት ሥራውንም ሠርተሽ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ምርመራው ራሱ ይከለስ። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ለቀናት ሳይተኙ በጉልበት መሮጥ የመሰለ ነገር ካለ ሲቢቲ ብቻውን አይበቃም፤ ሳይካትሪስት ይቅደም። መኖር አስጠልቶሽ ራስሽን ስለማጥፋት ካሰብሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሰው ይዘሽ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ለዚያ ድንገተኛ ክፍል መግባት እንደ ኢሲጂው አይደለም፤ ሎሚ አይደለም።

የኔ ምክር እንግዲህ ሰርትራሊኑን ይዘሽ፣ ዳያዜፓሙን ከሐኪም ጋር እየቀነስሽ፣ የመንገድ ልምምድ ያለበትን ሲቢቲ መጀመር ነው። ባለሙያ እስክታገኚ ደብተር ያዢ። ፓኒክ በመጣብሽ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የት እንደነበርሽ፣ ምን ይደርስብኛል ብለሽ እንደፈራሽ፣ ምን እንደደረሰ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ምን ይዘሽ እንደነበር ጻፊ። ለመጀመሪያው ቀጠሮ ሦስት ገጽ ያህል ይዘሽ ከሄድሽ ባለሙያው ሁለት ሳምንት ያተርፋል።